መልስ፦ «ማታ ዳዊት ስገልጥ እንቅልፍ ይጥለኛል» ላልሽው

የመዝሙረ ዳዊት ንባብሽን ወደ ንጋት አዙሪው። በድሬዳዋ ሙቀት ስትሠሪ ውለሽ ማታ ዓይንሽ ቢከደን ድካም እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ስልክሽን ሳትከፍቺ፣ ቆመሽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ።

ዳዊትን በሳምንት የማድረስ ሥርዓቱ የሰኞው ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል። ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ከዕለቱ ድርሻ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ይበቃሻል። እሱም ካልሞላልሽ አንዱን መዝሙር ረጋ ብለሽ አንብቢና ልብሽን የነካውን አንድ ቃል ይዘሽ ውጪ፤ ባጃጅ ውስጥም ሆነ ሥራ ቦታ በልብሽ ደጋግመሽ በይው። እኔን ብዙ ጊዜ ያበረታኝ «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ» የሚለው ነው። በዳዊት 102፣ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 103 ላይ ታገኚዋለሽ።

ማታ ንባቡን ተዪና አመስግኚ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ወይም የምትወጂውን መዝሙር። ለደከመ ሰው ዜማ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ያመለጠሽን ቀን ላካክስ አትበዪ። ማክሰኞ ካለፈሽ ረቡዕ ከ61 ቀጥዪ። ያለፈውን እንደ ዕዳ እየቆጠሩ ጨርሶ የተዉ፣ «ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስሄድ እንደ አዲስ እጀምራለሁ» እያሉ ወራቱን ያለ ጸሎት ያሳለፉ ብዙ እህቶችና ወንድሞች አውቃለሁ።