አጎትህን ዋጋ ጠይቃቸው

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ላይ በአጎትህ ስቱዲዮ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ታደርጋለህ። ከምስል ላይ የማይፈለገውን ነገር ማጥፋት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያንተ ሥራ ሆኗል። አዲስ አበባ ልሂድ ወይ፣ ተበድሬ ኮምፒውተር ልግዛ ወይ፣ ኤአይ እንጀራዬን ይነጥቀኛል ወይ፣ እናቴ እንዳሉት ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልግባ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ስለ ክፍያህ ግን «አጎቴ ያው ቤተሰብ ናቸው፣ የኪስ ይሰጡኛል» ብለህ አልፈሃል። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

የጻፍክልኝን የመልስ ቀረጻ እንይ። ሙሽሮቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የተጠጣች ሃይላንድ ቆማለች። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ቢሆን ኖሮ ባዶውን ጠረጴዛ የሚያሳይ አንድ ፍሬም፣ ማለትም ከቪዲዮው አንድ ነጠላ ምስል፣ ፈልገህ፣ ማስክ ሠርተህ (የምትፈልገውን ቦታ ብቻ ከልለህ) ትለጥፍና ትገላገል ነበር። ካሜራማናችሁ ግን በጊምባል፣ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ በሚይዘው መያዣ፣ እየዞረ ነው የቀረጸው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ትራክ አደረግክ (ፕሮግራሙ እንቅስቃሴውን እንዲከተል ማለት ነው)፣ አንድ ፍሬም ላይ ሃይላንዷን በክሎን፣ ከጎኗ ያለውን ጠረጴዛ ቀድተህ በላይዋ እየለጠፍክ፣ አጸዳህ፣ ያንን ከትራኩ ጋር አሰርክ፣ ከዚያ ጥላዋ ብቻዋን ቀርታ እሷንም አጠፋህ። ይሄ ሁሉ አልፎ የሙሽራው እጅ በሃይላንዷ ፊት ለፊት ሲያልፍ ጣቶቹን ፍሬም በፍሬም ሮቶ ማድረግ፣ ማለትም ዙሪያቸውን በእጅ እየከለሉ መለየት፣ ግድ ሆነ። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚቀረጽ ቪዲዮ 10 ሰከንድ ማለት 250 ፍሬም ነው። ነጋብህ። ካሜራማኑ እጁን ዘርግቶ ቢያነሳት ኖሮ አንተ ትተኛ ነበር።

አጎትህ ለደንበኛው «እናጠፋዋለን፣ ችግር የለም» ሲሉ ያንተን ሌሊት በነጻ ሸጡት። ድሮን የሚያከራያቸው የአክስታቸው ልጅ እንደሆነ ራስህ ነግረኸኛል። እሱ ሳይከፈለው ድሮኑን ያነሳል? ዝምድናው የሚታወሰው አንተ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

ይሉኝታ እንደያዘህ አውቃለሁ። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፤ ዘመድ ፊት ብር ማንሳት እንዴት እንደሚከብድ አልስተውም። ግን ኤዲተር ሆኜ በሠራሁበት ቤት የሥራ ትዕዛዝ ሳይጻፍ ማንም ኮምፒውተር አይከፍትም ነበር፤ ሰዓታችንም ይመዘገብ ነበር። አንተም ደብተር ያዝ። ከሚቀጥለው ሠርግ ጀምሮ ምን እንዳጠፋህ፣ ቀረጻው ስንት ሰከንድ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀብህ ጻፍ። ወሩ ሲያልቅ እናትህ ባሉበት አጎትህ ፊት አስቀምጠው። ካሜራው በሚንቀሳቀስበት ቀረጻ ላይ ማጥፋት በደንበኛው ውል ውስጥ የራሱ ዋጋ ይኑረው፣ ከዚያም የአንተ ድርሻ በጽሑፍ ይታወቅ በላቸው። ካሜራማኑም እንግዳ ሳይገባ ባዶውን ጠረጴዛ ለጥቂት ሰከንድ ይቅረጽልህ። ክሊን ፕሌት የሚባለው ይሄ ነው፣ ስንት ሌሊት ያድንሃል። እምቢ ካሉህ ወልድያና ኮምቦልቻም ስቱዲዮ አለ፤ በቀረጻ ተዋውለህ ሥራላቸው።

ስለ ኤአይ አብሽር። አዶቤ አፍተር ኢፌክትስ የሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጠፋው ነገር የተወውን ክፍተት በራሱ የሚሞላ መሣሪያ አለው፣ ቀላል ቀላሉን ሥራ ይወስዳል። የዕጣን ጭስ ወይም የነጠላ ጥለት በፊቱ ሲያልፍ ግን ውጤቱን አይቶ የሚያርም ሰው ይፈልጋል። ለኮምፒውተር አትበደር፤ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ፊውዥንን፣ እንዲህ ያለው የማጥፋት ሥራ የሚሠራበትን ክፍል፣ ይዞ ይመጣል፣ ባለህ ማሽን ተለማመድበት። አዲስ አበባ የትም አይሄድም። ኮምቦልቻን እናትህ ያነሱት ደግሞ የስቱዲዮውን ብር እጅህ ላይ አይተውት ስለማያውቁ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

መጨረሻ ላይ ስለጠቀስከው የላሊበላ ማስታወቂያ፦ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የቆመውን መጠለያ አጥፋልን ያሉህን አትቀበል። ጎብኚው መጥቶ ሲያየው ማን ሊከሰስ ነው? ቤተ ጊዮርጊስ ላይ መጠለያ የለም፣ ሄደው እሱን ይቅረጹ።