ለጉሬዛዎቹ ጠያቂ፦ ደንቡ ከእንግዳው ይቅደም

ጤና ይስጥልኝ። በደብራችሁ ደን የሚኖሩትን ጉሬዛዎች አባቶች እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ስላከበሩዋቸው የሚነካቸው እንደሌለ፣ አሁን እንግዶች መምጣት እንደጀመሩና ማኅበር ለማቋቋም ከምን መነሣት እንዳለባችሁ ጠይቀዋል። እኔ ጸሐፊ የሆንኩበት የጉሬዛ ጥበቃ ማኅበርም የተነሣው ከዚሁ ነው። ስለ ትኬትና ስለ አስጎብኚ ሥልጠና ሌሎች ይነግሩዎታል፤ እኔ ብዙ ዋጋ ያስከፈለንን ልንገርዎት።

1. ክብሩን በጽሑፍ አስፍሩት። በጋና የቦአቤንግና የፊዬማ መንደሮች ነዋሪዎች ሞና የሚባሉትን ጦጣዎችና ጭናቸው ነጭ የሆነውን የጉሬዛ ዘመዶች የአማልክት ልጆች ናቸው ብለው ስለሚያምኑ፣ አንዱ ሲሞት በሥርዓት ይቀብሩታል። ይህን ያህል የጸና እምነት እንኳ፣ አዲስ ሃይማኖት የተቀበሉ ሰዎች ማደን በጀመሩ ጊዜ ብቻውን ሊገታቸው አልቻለም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1975 የአካባቢው ምክር ቤት ግድያን የሚከለክል ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በአገራችን የሆነው ተቃራኒው ነበር። የመንዝ ሕዝብ ጓሳ የተባለውን የደጋ ሣር ምድር በራሱ ሽማግሌዎች እየዘጋና እየከፈተ ለዘመናት የጠበቀበት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ያ ቦታ ዛሬም በሕዝብ ጥበቃ ሥር ያለው ነዋሪው እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ ሕጋዊ ዕውቅና እስኪያገኝ ድረስ ስለደከመ ነው።

እኛ ይህን አውቀን የደንባችንን ረቂቅ ይዘን የሄድንበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ወረቀቱን ሳይገልጠው «ማንም የማይገድለውን እንስሳ ለመጠበቅ ምን ደንብ ያስፈልጋል?» ብሎ መለሰን። አብረውን የነበሩት መሪጌታ በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ፤ ቁጭ ይበሉ እንኳ አልተባሉም። ይህ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አንዴ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ አንዴ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው እየተባልን ስንመላለስ ክረምቱ አለፈ።

በዚህ መሀል ከቅጥሩ ውጭ፣ ወንዝ ዳር የነበረው ትልቅ ሾላ ተቆረጠ። ጉሬዛዎቹ ከደኑ ወጥተው ፍሬውንና ለጋ ቅጠሉን የሚመገቡት እዚያ ነበር። የእኛ ሰው ከቅጥሩ ውስጥ ቅርንጫፍ አይሰብርም፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ግን እንደ ማንኛውም እንጨት ነው የሚያየው። ቆራጩን ቀበሌ ብናቀርበው የትኛውን ሕግ ተላለፈ ተብለን ተጠየቅን፤ የምናሳየው የጸደቀ ወረቀት ስላልነበረን በነጻ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መንጋው ምግብ ፍለጋ በባዶው ሜዳ መሻገር ጀመረ። አንዲት እናት ገና ጸጉሩ ነጭ የሆነ ግልገሏን ሆዷ ላይ አጣብቃ፣ ውሻ እየተከተላት በመሬት ስትሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዛፍ ላይ የለመደ እንስሳ መሬት ላይ ምን ያህል እንደሚከብደው ያን ቀን ነው የገባኝ። ስለዚህ ደንባችሁ ደኑን ብቻ ሳይሆን እንስሳቱ ወጥተው የሚመገቡባቸውን ዛፎች ጭምር አንድ በአንድ ይጥቀስ፤ ይህን አንቀጽ ማንም እንዲያወጣው አትፍቀዱ።

2. የገንዘቡን ክፍፍል የመጀመሪያው ብር ሳይገባ ተስማሙበት። እኛ ጋ ወጣቶች መንገድ ላይ ቆመው ከእንግዶች ሲቀበሉ፣ ማሳው ደኑን የሚያዋስን ገበሬ ደግሞ በቆሎውን ጦጣ እየበላበት ከገቢው አንዳች አላገኘም ነበር። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «እናንተ በሚያሳዩት ትበላላችሁ፣ እኔን ግን ይበሉኛል» ሲል መልስ የሰጠው አልነበረም። እውነቱን ነበርና። አሁን በደንባችን ከገቢው በቅድሚያ የሚነሣው የሰብል ካሣ ነው፤ ከዚያ የጠባቂዎች አበል፣ ከዚያ የደብሩ ድርሻ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጡት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ እኔም በጸሐፊነቴ በመጻፌ እኮራለሁ። ያ ሰው ዛሬ ከጠባቂዎቻችን ሁሉ ብርቱው ሆኗል፤ እንግዳ ዳቦ ሲያወጣ ካየ ከሩቅ ነው የሚከለክለው። ጉሬዛ በሆዱ ውስጥ ቅጠል አብላልቶ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ ዳቦና ጣፋጭ ይጎዳዋል፤ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ደግሞ የሰው በሽታ በቀላሉ ይጋባበታል። «ለፎቶ ብቻ ነው» የሚሉ አስጎብኚዎች ይመጡባችኋል፤ እንዳትሰሙዋቸው።

ያንን ኃላፊ በተመለከተ፣ በመጨረሻ ደንቡ የጸደቀልን በእሱ በኩል ሳይሆን የቀበሌው ሕዝብ በጉባኤ ተስማምቶ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሞ በቀጥታ ለወረዳው ምክር ቤት ካቀረበ በኋላ ነው። እናንተም ቢሮ ለቢሮ ከመንከራተታችሁ በፊት ጉባኤውን አስቀድሙ፤ ቃለ ጉባኤውንም በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ አንዱን በደብሩ አስቀምጡ፣ የእኛው አንድ ጊዜ «ጠፍቷል» ተብሎ ነበርና። የደንባችንን ቅጂ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ እልክልዎታለሁ፤ የዛፎቹን ዝርዝር ግን ከእረኞቻችሁ ጋር ዞራችሁ እንደ አዲስ ጻፉት።