ቢጫዋን ሽቦ በቀጥታ ፓይ ላይ እንዳትሰካ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ስቶክሆልም፣ ሜላረን ሐይቅ ላይ የቆመ የዘጠናዎቹ ሸራ ጀልባ ገዝተሃል። አውቶሄልም ኤስቲ50 የጥልቀት፣ የፍጥነትና የነፋስ መለኪያ አለው፣ አንድ አሮጌ ጋርሚን ጂፒኤስም አለው። ሁሉንም ራስፕቤሪ ፓይ (በአጭሩ ፓይ፣ ትንሿ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር) ላይ ኦፕንሲፒኤን በሚባለው የባሕር ካርታ ፕሮግራም ማየት ፈልገሃል፤ የዕቃ ሱቁ ሰውዬ ግን «ይሄ ያረጀ ነው፣ ነቅለህ በአዲስ ተካው» አለህ። እኔንም እንዲሁ ብለውኛል፣ ያውም ዕቃውን ሳያዩ። መለኪያዎቹ ራሳቸው ስክሪን ላይ ትክክለኛ ቁጥር እስካሳዩ ድረስ አንዱንም አትንቀል። የጎደለህ አስተርጓሚ ብቻ ነው፣ እሱም የጥቂት ክሮና ዕቃ ነው።

አንደኛ፣ ሶፍትዌር ከማውረድህ በፊት ቴስተር ያዝ። ጀልባህ ላይ ያሉት ዕቃዎች አንድ ቋንቋ አይናገሩም። አውቶሄልሞቹ የሚነጋገሩት ሲቶክ በሚባለው በአምራቹ የራሱ ቋንቋ ነው፤ ሦስት ሽቦ ነው ያለው፣ ቀይ 12 ቮልት፣ ቢጫ ዳታ፣ ጥቁር ወይም ልባጥ የሌለው ሽቦ ግራውንድ። ጂፒኤሱ ብዙ አምራቾች የሚጋሩትን የባሕር ዕቃ ቋንቋ፣ ኤንኤምኢኤ 0183ን ነው የሚናገረው። ሁለቱም ፍጥነታቸው በሰከንድ 4800 ቢት ስለሆነ ሰው አንድ ይመስሉታል፤ አይደሉም። ኤንኤምኢኤ ተራ ባለ 8 ቢት ጽሑፍ ነው፣ የጂፒኤሱ እያንዳንዱ መስመር በዶላር ምልክት ይጀምራል፣ በዓይንህ ታነበዋለህ። ሲቶክ ግን ባለ 9 ቢት ነው፤ ዘጠነኛው ቢት «አዲስ መልእክት እዚህ ጀመረ» የሚል ምልክት ነው። ተራ የዩኤስቢ ሲሪያል ገመድ ቢጫዋ ላይ ብትገጥም የምታየው ቆሻሻ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ፓይ የሚያቃጥለው። ሲቶክ ሥራ ሲፈታ ቢጫዋ ላይ 12 ቮልት አካባቢ ይቆማል፤ ዳታ ሲላክ ወደ ዜሮ እየተጎተተ ይመለሳል። በቴስተር ቢጫና ጥቁሩ መካከል ለካ፦ ወደ 12 የተጠጋ፣ መለኪያዎቹ ሲነጋገሩ ትንሽ የሚወዛወዝ ቁጥር ታያለህ። የፓይ ፒኖች ደግሞ ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም፣ 5 ቮልት እንኳ ይጎዳቸዋል። አንድ ጊዜ ነካ ካደረግከው በቃ፣ ፒኑ ብቻ ሳይሆን ቦርዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። መፍትሔው ፒሲ817 የሚባል ባለ አራት እግር ኦፕቶካፕለር ነው። ውስጡ መብራትና ብርሃን የሚያይ ትራንዚስተር አለ፤ የጀልባው ኤሌክትሪክና የፓይ ኤሌክትሪክ በብርሃን ብቻ ይገናኛሉ። አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ነጥብ ያለበት እግር 1 ነው፤ ቢጫዋን በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርገህ እዚያ አግባ። እግር 2 ወደ ጥቁሩ። እግር 3 ወደ ፓይ ግራውንድ፣ ፒን 6። እግር 4 ወደ ጂፒአይኦ 4 (ፕሮግራም ከሚያነባቸው የፓይ ፒኖች አንዱ)፣ ማለትም ፒን 7፤ ከዚያው እግር 4 ሌላ 4.7 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ቮልት፣ ፒን 1። ይኼው ነው።

ሁለተኛዋን ሬዚስተር «ፓይ ውስጥ የራሱ ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 3.3 ቮልት የሚጎትት ሬዚስተር) አለ» ብለህ እንዳትዘላት። የውስጡ 50 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ ፒሲ817 ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ በእንዲህ ያለ ደካማ ፑልአፕ ሲጠፋ እየተጎተተ ነው የሚጠፋው። የአንድ ቢት ዕድሜ በ4800 ፍጥነት 208 ማይክሮሰከንድ ብቻ ስለሆነ ቢቶቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጥልቀት አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሽቦ የላላ ይመስልሃል። ሰው ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲያጠብቅ ይውላል፣ ችግሩ ግን የሬዚስተሩ ነው።

ሶፍትዌሩ ሲግናል ኬ ነው፤ የጀልባውን ዳታ ተቀብሎ ለኦፕንሲፒኤን ያቀብላል። አዲስ ግንኙነት ስትፈጥር የዳታውን ዓይነት ሲቶክ በጂፒአይኦ በለው፣ ፒኑን ስጠው፣ «ኢንቨርት» የሚለውንም አብራው፤ ኦፕቶካፕለሩ ምልክቱን ገልብጦ ነው የሚያሳልፈው። ፓይ 5 ገና ካልገዛህ ግን ተወው፣ ፓይ 4 ወይም 3 ይበልጥሃል። ሲቶክን ከፒን የማንበቡን ሥራ ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ፒግፒዮ የሚባለው ፕሮግራም ፓይ 5 ላይ አይሠራም፣ የፒኖቹ ቺፕ ተቀይሯል። አዲስ ነገር ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ ለሱቁ ሰውዬም ንገርልኝ።

አንድ ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ አገጣጠም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ፓይ ይሰማል እንጂ አይናገርም፣ ስለዚህ አውቶፓይለት ካለህ በስሕተት መሪ የሚያዞርብህ ነገር የለም። ካውያ መያዝ ካልወደድክ ያገለገለ ኢ85001 የሚባለውን የሬይማሪን ሣጥን ፈልግ፤ ሲቶክን ወደ ኤንኤምኢኤ ይተረጉማል። ዋጋውን አይተህ ግን ወደ ካውያው ትመለሳለህ።

ሦስተኛ፣ ጂፒኤሱ። መጀመሪያ ሜኑው ውስጥ ገብተህ ውጤቱን ኤንኤምኢኤ አድርገው፤ በራሱ በጋርሚን ቋንቋ ላይ ከተቀመጠ ኦፕንሲፒኤን መስመር አያይም። ቀጥሎ ሽቦ ቁጠር። የሚያወጣው አንድ የዳታ ሽቦና ግራውንድ ከሆነ የአርኤስ232 ዩኤስቢ አስማሚ ግዛ፤ ዳታው ወደ አስማሚው (ወደ ፓይ ሳይሆን) ፒን 2፣ ግራውንዱ ወደ አስማሚው ፒን 5። ኤ እና ቢ የሚሉ ሁለት የዳታ ሽቦዎች ካሉት አርኤስ422 ወይም 485 አስማሚ ያስፈልግሃል፤ እዚህ ጋ ፊደሎቹን አትመን። በኤንኤምኢኤ መስመሩ ዝም ሲል ኤ ከቢ ዝቅ ይላል፤ ርካሾቹ አስማሚዎች ላይ ኤ ብለው የሚጽፉት ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው እግር ነው። ዳታ እየፈሰሰ የዶላር ምልክት አንድም ጊዜ ካላየህ ሁለቱን ሽቦ አቀያይር፣ ምንም አይጎዳም። ኤአይኤስ (በዙሪያህ ያሉ መርከቦችን የሚያሳይ መሣሪያ) ስትጨምር ለብቻው አስማሚ ስጠው፤ ፍጥነቱ 38400 ነው፣ ደግሞም ዳታ የሚልኩ የሁለት ዕቃዎችን ሽቦ በአንድ ላይ ማሰር አይቻልም።

የጂፒኤሱን ቀንም እይ። ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው እስከ 1024 ነው፣ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራል፤ እስካሁን በ1999 እና በ2019 ዞሯል። ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች ቦታህን በትክክል እያሳዩ ቀኑን ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር በጎደለው ጊዜ ወደኋላ ይጽፋሉ። ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ቢሆን የኛ አቆጣጠር ነው ብለን በሳቅን፣ ይሄ ግን ከዚያም ያልፋል። ፓይ 4 የራሱ ሰዓት ስለሌለው ጊዜውን ከዚህ ጂፒኤስ እንዲወስድ ካደረግከው የጉዞ መዝገብህ ይበላሻል፣ ኢንተርኔት ላይም ድረ ገጾች «ሰርተፊኬቱ አይሠራም» እያሉ ይመልሱሃል። ባትሪ ያለው ዲኤስ3231 የሰዓት ሞጁል ግጠምለት።

ሁለት የዩኤስቢ አስማሚ ሲኖርህ ፓይ በተነሳ ቁጥር ዜሮና አንድ የሚባለው ቁጥራቸው ሊቀያየር ይችላል፤ ትናንት ጂፒኤስ የነበረው ዛሬ ኤአይኤስ ይሆናል። በቁጥር ሳይሆን በመለያ ስማቸው አስገባቸው። ኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለው አስማሚ ሲሪያል ቁጥር ስላለው ለዚህ ይመቻል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ስስታም አትሁን። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ 14 ቮልት ያልፋል፣ ሞተር ስታስነሳ ደግሞ ዝቅ ይላል። የባትሪውን ቮልት አውርዶ 5.1 ቮልት 3 አምፒር የሚያወጣ ደህና ቀያሪ፣ ባትሪው በኩል የ3 አምፒር ፊውዝ። ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት ከመጣ ፓይ ተርቧል ማለት ነው። ፓይን ስታበራ ቪኤችኤፍ ሬዲዮው መንጫጨት ከጀመረ ጥፋተኛው ርካሹ ቀያሪ ነው፤ ከአንቴና ገመዱ አርቀው፣ ሽቦው ላይ ፌራይት (ጫጫታውን የሚያፍን ቀለበት) አድርግበት፣ ካልሆነ ለውጠው። ዋናውን ማብሪያ ከመዝጋትህ በፊት ፓይን በሥርዓቱ አጥፋ፣ አለዚያ የሜሞሪ ካርዱ አንድ ቀን አይነሳም።

ከሁሉ በፊት ግን የቢጫዋን ቮልት ለክተህ፣ የጂፒኤሱን የሽቦ ቀለሞችና ከጀርባው የተጻፈውን ሞዴል ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። እስከዚያ አስማሚ አትግዛ።