ኪሎ ጨመርኩ ብሎ መጻፍ የማያሳፍርበት ግሩፕ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከመጡልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ክብደት ናቸው። ደሞ አብዛኞቻችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፣ ስልካችሁ ላይ አንድ የሆነ የክብደት መቀነሻ ግሩፕ አለ፣ አንዳንዱ ደግ ነው አንዳንዱ የገበያ ግርግር ነው። አምስቱን መርጬ አንድ ላይ አምጥቻቸዋለሁ። "ሐኪም አማክሩ" ያልኩበት ቦታ ላይ ደሞ ጥያቄውን እየሸሸሁ አይደለም፣ የምሬን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ፣ እኔ 29 ዓመቴ ነው፣ ስንት ጊዜ ዳይት እንደጀመርኩ መቁጠር ትቻለሁ። ሁሌ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት 4 ወይ 5 ኪሎ ይወርድልኛል ከዛ ይቆማል ከዛ ይሰለቸኛል ከዛ ከነወለዱ ይመለሳል። አሁን አንድ ኦንላይን ግሩፕ ገብቻለሁ፣ ከ2,000 ሰው በላይ አለበት፣ በየቀኑ "በፊት እና አሁን" እየተባለ ፎቶ ይለጠፋል። መጀመሪያ ላይ ሞራል ይሰጠኝ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ግን 1 ኪሎ ከ200 ጨመርኩና መጻፍ አፈርኩ፣ ከዛ ወዲህ ዝም ብዬ ማንበብ ብቻ ሆኗል ስራዬ። ልውጣ ወይስ ልቆይ?
— ዝምተኛዋ

መልስ፦ ስለ 1 ኪሎ ከ200ዋ ልጀምር ምክንያቱም እሷ ናት አፍሽን የዘጋችው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። ይሄን ያህል ስብ በአንድ ሳምንት ለመጨመር ሰውነትሽ ከሚያወጣው በላይ በየቀኑ ከ1,000 ካሎሪ የሚበልጥ ትርፍ መብላት ነበረብሽ፣ እንደዛ በልተሽ ከሆነ ደሞ ለማንም ሳትነግሪ አንቺው ታውቂዋለሽ። ካልበላሽ ግን በብዛት ውሃ ነው፦ ጨው የበዛበት ምግብ፣ የወር አበባ መቃረቡ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሌላው ቀርቶ አዲስ የጀመርሽው ስፖርት ራሱ ጡንቻሽን ውሃ ያስይዘዋል።

ያ በሁለት ሳምንት የሚወርድልሽ 5 ኪሎም የዚሁ ዘመድ ነው። ሰውነታችን ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱ ግራም ደሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ በአንዴ ስትቆርጪ መጀመሪያ እሱ ያልቅና ውሃውም ተከትሎት ይሄዳል፣ ሚዛኑ ጮቤ ያስረግጥሻል። ከዛ እውነተኛው የስብ መቀነስ ይመጣል፣ እሱ በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው፣ ያኔ ነው አንቺ "ቆመብኝ" ብለሽ የምትተይው። አልቆመም እኮ፣ ገና መጀመሩ ነበር። (እንቁላል በእግሩ የሚሄድበትን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።)

አሁን ወደ ግሩፑ። ሰው ከሰው ጋር ሆኖ ሲቀንስ የተሻለ እንደሚይዘው በጥናት የታየ ነገር ነው። በ1999 ሬና ዊንግ እና ሮበርት ጄፈሪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ብቻቸውን መጥተው የተለመደውን ትምህርት ብቻ ከወሰዱት ሰዎች ፕሮግራሙን የጨረሱት 76 በመቶ ነበሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር መጥተው እርስ በርስ የመደጋገፊያ ስራም ከተጨመረላቸው ደሞ 95 በመቶ ጨረሱ። ይሄ ልዩነት ትልቅ ላይመስልሽ ይችላል፣ ግን ቀጣዩን እዪው፦ የቀነሱትን ኪሎ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ሳይመለስ ሙሉ በሙሉ ያቆዩት ብቻቸውን ከመጡት 24 በመቶ፣ ከጓደኛ ጋር ከመጡት 66 በመቶ። አስተውዪ ግን፣ እነዚህ ሰዎች 2,000 የማይተዋወቁ ሰዎች መሀል አልተጣሉም፣ የሚያውቋቸው ጥቂት ጓደኞች ነበሯቸው፣ አንዱ ቢቀር "የት ጠፋህ" የሚለው ሰው ነበረ። 2,000 ሰው ባለበት ግሩፕ አንቺ ሳምንት ሙሉ ዝም ስትዪ ማን ጠየቀሽ?

ስለዚህ አትውጪ፣ ግን እዛ ብቻ አትቅሪ። ከዛ ሁሉ ሰው መሀል እንዳንቺ ዓይነት ኑሮ ያላቸውን፣ ፎቶ ከመለጠፍ ይልቅ በኮሜንት ቁም ነገር የሚያወሩትን ሶስት አራት ሰዎች ፈልጊና በግል አናግሪያቸው፣ ትንሽ ግሩፕ ክፈቱ። በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ይኑራችሁ። በዛ ቀን ኪሎ ብቻ አትጻፉ፣ ያደረጋችሁትንም ጻፉ፦ ስንት ቀን በእግር ሄድኩ፣ ስንት ቀን ራት ከቤት በላሁ፣ እንቅልፌ እንዴት ነበር። ኪሎው እንደፈለገ ይወጣል ይወርዳል፣ ያደረግሽው ነገር ግን በእጅሽ ነው።

ግሩፑ ጥሩ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ ካልሽኝ እኔ አንድ መለኪያ ብቻ ነው ያለኝ፣ ኪሎ ለጨመረ ሰው ምን ብለው ይመልሳሉ? አንዷ እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦ "ዛሬ 1.2 ጨመርኩ፣ ሐሙስና ዓርብ አምሽቼ ገባሁና ያገኘሁትን በላሁ።" አንዱ ግሩፕ ላይ ሃያ ልብና ሃያ "በርቺ የኔ ጀግና" ይወርድላታል፣ ደስ ይላል፣ ግን የሚቀጥለው ሐሙስ ምንም አልተለወጠም። ሌላው ላይ "ዲሲፕሊን የለሽም፣ ፍላጎቱ ከሌለሽ ቦታ አትያዢ" ትባላለች፣ ከዛ በኋላ ወይ ትጠፋለች ወይ መዋሸት ትጀምራለች። ሶስተኛው ላይ አንዱ ይጠይቃታል፦ "ሐሙስ ስንት ሰዓት ገባሽ? ከስራ ሳትወጪ የምትቀምሺው ነገር ቢኖርሽስ?" ሌላዋ ትቀጥላለች፣ "እኔም ሐሙስ አመሻለሁ፣ እንቁላል ቀቅዬ ይዤ ነው የምወጣው፣ በዚህኛው ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ ላስታውስሽ?" በቃ ይሄኛው ነው። እንዲህ የሚጠይቅሽ ካጣሽ ደሞ አንቺው መጠየቅ ጀምሪ፣ የዛሬዋን "1.2 ጨመርኩ" በመለጠፍ ጀምሪና ማን ምን እንደሚልሽ እዪ፣ ትንሿን ግሩፕ የምትመሰርቺያቸው ሰዎች እዛው ኮሜንት ስር ይገለጡልሻል።

ጥያቄ፦ የግሩፓችን አድሚን ስብ የሚያቀልጥ ሻይ ይሸጣል፣ ብዙ ሰው በሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ ብሎ መስክሯል። ልሞክረው?
— ተጠራጣሪው

መልስ፦ አትሞክረው። ስብ የሚያቀልጥ ሻይ የለም ወንድሜ። የማቅጠኛ ሻይ የሚባሉት ብዙዎቹ እንደ ሰና ያሉ ሆድ የሚያስቀምጡ ቅጠሎች አሉባቸው፣ የሚወጣው ውሃና ያው የምታውቀው ነገር ነው፣ ስቡ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ሲደጋገም ደሞ የሰውነትን ፖታሲየም ያዛባል፣ እሱ ከልብ ምት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀልድ አይደለም። አድሚኑ ሻጭ ከሆነ የመሰከሩትም ሰዎች እነማን እንደሆኑ አታውቅም፣ ያልሰራላቸው ሰዎች የጻፉት ደሞ ተሰርዞ ይሆናል። "መድኃኒትህን አቁምና የኛን ውሰድ" የሚሉህ ከሆነ፣ ወይም ለቀናት ውሃ ብቻ የመጠጣት ውድድር ካለ፣ ሳትሰናበት ውጣ። በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አበላሉን በአንዴ ሲቀንስ ስኳሩ ወይ ግፊቱ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪሙ ጋር ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ እኔ የምበላው በጣም ትንሽ ነው እመኚኝ፣ ስፖርትም እሰራለሁ፣ ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አይልም። ይሄን ግሩፕ ላይ ስጽፍ "ትዋሻለህ" አሉኝ፣ በጣም ነው የተሰማኝ።
— ያልተረዱት

መልስ፦ አልዋሸህም፣ ግን ልክም ላትሆን ትችላለህ፣ ሁለቱ ይለያያሉ። በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ አንድ ጥናት ልክ እንዳንተ "ትንሽ ነው የምበላው አልቀንስም" የሚሉ ሰዎችን የሰውነታቸውን የኃይል ወጪ እየለካ አያቸው። ሰዎቹ ከሚበሉት ውስጥ በአማካይ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረውን፣ 47 በመቶውን፣ ሳይመዘግቡት ቀርተው ነበር፣ እንቅስቃሴያቸውን ደሞ 51 በመቶ አብዝተው ገምተዋል። ሜታቦሊዝማቸው ጤነኛ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው 10 ሰው ላይ ብቻ ነው የተለካው፣ ግን ሁላችንም ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ደስ ይለኛል፣ ሰው ሳህኑን ያስታውሳል፣ እየሰራ የቀመሳትን፣ ከልጅ ሳህን የጨረሳትን፣ ሻይ ውስጥ የገባችውን ስኳር አያስታውስም።

ዘይቱን ተመልከት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ከጠርሙሱ እያዘነበልክ የምትጨምር ከሆነ ደሞ ሶስትም አራትም ማንኪያ ይገባል፣ አንተ ግን "አትክልት ነው የበላሁት" ብለህ ነው የምትጽፈው፣ እውነትም አትክልት ነው። ለአንድ ሳምንት አፍህ የሚገባውን ሁሉ ከመብላትህ በፊት ፎቶ አንሳው፣ ዘይቱን በማንኪያ ለካው፣ ከግሩፑ ለምታምነው አንድ ሰው ብቻ ላክለት። እንዲፈርድብህ አይደለም፣ አንተ የለመድከውን ነገር ሌላ ዓይን ቶሎ ስለሚያየው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተገኘ፣ ወይም ደሞ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የፀጉር መሳሳት አብሮ ካለብህ ታይሮይድህን ተመርመር። "ትዋሻለህ" ያለህን ሰው ሚውት አድርገው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለሽ። እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ 92 ኪሎ ነኝ፣ ስኳር ሊጀምርህ ነው ተብያለሁ፣ ሐኪሙ ከክብደትህ 7 በመቶ ቀንስ አለኝ። ልጆቼ አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቡኝ፣ ወጣቶቹ 30 ኪሎ 40 ኪሎ ቀነስን ይላሉ። የኔ 6 ኪሎ ምን ይፈይዳል ብዬ ዝም ብያለሁ።
— አባት

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎን 6 ኪሎ እኔ በ40ውም አልለውጠው። ሐኪምዎ 7 በመቶ ያሉት ዝም ብለው አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ 3,234 ሰዎች ላይ የተሰራና በ2002 የታተመ ትልቅ የስኳር መከላከያ ጥናት አለ፣ ግቡ ልክ ይሄው ነበር፦ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ። በዚህ መንገድ የሄዱት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን መድኃኒት የወሰዱት ግን በ31 በመቶ። ከሁሉም በላይ የተጠቀሙት ደሞ እነማን ይመስሉዎታል፣ 60 ዓመትና ከዛ በላይ የሆናቸው፣ በ71 በመቶ!

150 ደቂቃ ማለት ለአምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፣ ወሬ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ግን የሚያቅትዎት ዓይነት ፍጥነት። በእርስዎ ዕድሜ ሰው ሲቀንስ ስቡ ብቻ ሳይሆን ጡንቻውም ስለሚሄድ እርምጃው ላይ ትንሽ የጉልበት ስራ ይጨምሩበት፣ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ ራሱ ስፖርት ነው። ጉልበትዎን ወይም ደረትዎን ካመመዎት ግን ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ። ግሩፑ ላይ ደሞ ዝም አይበሉ፣ እድሜዎትንና ግብዎትን ይጻፉ፣ እንደርስዎ ያሉ ሰዎች እዛ ውስጥ ቁጭ ብለው የወጣቶቹን ፎቶ እያዩ ዝም ያሉ አይጠፉም፣ እርስዎን ሲያዩ ይወጣሉ። የእርምጃውን ጉዳይ ከልጆችዎ አንዱ በስልክ እየደወለ አብሮዎት ቢሄድ፣ እሱም ከራሱ ሰፈር እርስዎም ከራስዎ፣ ሰዓቱ ሳይታወቅዎት ያልፋል።

ጥያቄ፦ 17 ኪሎ ቀንሼ የፈለግኩበት ደርሻለሁ፣ ተመስገን። አሁን ግሩፑ ውስጥ ምን እሰራለሁ? ሁሉም የሚያወራው ስለመቀነስ ነው፣ ልውጣ እያልኩ ነው።
— የደረሰው

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ፣ ግን አትውጣ፣ ከባዱ ሰዓት አሁን ነው። ሰውነት ኪሎ ሲቀንስ የሚያቃጥለውንም ይቀንሳል፣ ረሃቡን ደሞ ይጨምራል። በ2016 የታተመ ጥናት በቴሌቪዥን የመቀነስ ውድድር ላይ በፍጥነት ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲያያቸው ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ለእነሱ ዓይነት ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር፣ ብዙው ኪሎም ተመልሷል። አንተ እንደነሱ በጥድፊያ አልቀነስክ ይሆናል፣ ግን አቅጣጫው ለሁሉም ያው ስለሆነ የሚመለሰው ኪሎ በስንፍና ብቻ ነው የሚመጣው የሚልህን ሰው አትስማው።

ደሞ ስለ ማቆየት ብቻ የተሰራ ጥናት አለልህ፣ በ2006 የወጣ፣ አሁንም ሬና ዊንግ ናት። 314 የቀነሱ ሰዎችን ለሶስት ከፈሏቸው፦ በአካል የሚገናኙ፣ በኢንተርኔት የሚገናኙ፣ በየሶስት ወሩ ጽሑፍ ብቻ የሚላክላቸው። ከ18 ወር በኋላ 2.3 ኪሎና ከዛ በላይ የመለሱት ጽሑፍ ብቻ ከሚላክላቸው 72 በመቶ፣ በኢንተርኔት 55 በመቶ፣ በአካል 46 በመቶ ሆኑ። ኦንላይን ከባዶ ይሻላል፣ በአካል መገናኘት ደሞ ከኦንላይን ሳይሻል አይቀርም፣ ስለዚህ ከግሩፑ ውስጥ አጠገብህ የሚኖር ሰው ካለ በወር አንዴ እንኳን አብራችሁ ተራመዱ።

እዛ ጥናት ላይ የወደድኩት ነገር የቀለም ዘዴው ነው። ከደረስክበት ኪሎ እስከ 1.4 ኪሎ ገደማ ብትጨምር አረንጓዴ ነው ኑሮህን ኑር፣ ከዛ በላይ ቢጫ ነው ምን እንደተለወጠ እይ፣ 2.3 ኪሎ ሲደርስ ቀይ ነው፣ ስትቀንስ ታደርገው የነበረውን መልሰህ ጀምር። በየቀኑ እየተመዘኑ ነበር የሚከታተሉት፣ ያ ካስጨነቀህ ግን በሳምንት አንዴ ጠዋት ሳትበላ ተመዘን። ግሩፕህ ውስጥም የሚያቆዩ ሰዎች የሚጽፉበት አንድ ክፍል እንዲከፈት አድሚኑን ጠይቀው፣ ኪሎህን መጻፍ አይጠበቅብህም፣ ቀለምህን ብቻ ጻፍ። ቢጫ ስትጽፍ አንድ ሰው "ምን ተፈጠረ" ይበልህ፣ አንተም ሌላው ሲጽፍ እንደዛው በለው።