«እፎይ ማለቴ ራሱ ያስጨንቀኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምሠራው፤ 24 ዓመቴ ነው። ከሦስት ወር በፊት ደሴ ሄጄ የስምንት ሳምንት ፅንስ በሐኪም አቋረጥኩ። ፍቅረኛዬ ማርገዜን ስነግረው ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ያን ቀን በሐረጎ ስመለስ እፎይ ብዬ ነበር። እንዴት እፎይ እላለሁ እያልኩ አሁን ራሴን እወቅሳለሁ። እንቅልፍ የለኝም። እህቴ ሕፃኗን ስታሳቅፈኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። አብራኝ የተከራየችው ልጅ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው እያወራች «ያስወረደች ሴት መጨረሻዋ ማበድ ነው» አለች። እውነት ነው? አባቴ የሞተ ጊዜም እንዲህ አድርጎኝ ነበር።

መልስ፦ እህት ዓለም፣ አታብጂም።

አሜሪካ ውስጥ ፅንስ ለማቋረጥ ክሊኒክ የሄዱ 1,000 ያህል ሴቶችን ተመራማሪዎች ለ5 ዓመት ተከታትለዋል። ከፊሎቹ አቋረጡ፤ ከፊሎቹ ጊዜው አልፏል ተብለው ተመለሱ። ያቋረጡት ከተመለሱት የበለጠ ለድባቴ አልተዳረጉም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ጭንቀት የበዛባቸው የተመለሱት ናቸው። ከ5 ዓመት በኋላም ያቋረጡት አብዝተው የተናገሩት ስሜት እፎይታ ነው። ስለዚህ እፎይ ማለትሽ ጭካኔ አይደለም። ማልቀስሽም ተሳስተሻል ማለት አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ በጨረፍታ የጻፍሽው የአባትሽ ነገር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የወጣ የጥናቶች ግምገማ፣ ካቋረጡ በኋላ ማን ሊታመም እንደሚችል ከሁሉ በላይ የሚጠቁመው ቀድሞ የነበረ የአእምሮ ሕመም ነው ይላል። ያኔ የደረሰብሽ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ የአሁኑም እንደዚያው። የሦስት ወር እንቅልፍ ማጣት በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሰው ያየኛል ብለሽ ከፈራሽ፣ ለጠየቀሽ ሁሉ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» በይ፤ ውሸት አይደለም። ለባለሙያው ግን ሁሉንም ንገሪው፣ የአባትሽንም ጭምር። ምስጢርሽን መጠበቅ ግዴታው ነው። ሞትን የምትመኚ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ምስጢር ለብቻ ሲያዝ ይከብዳል። ለአንድ ሰው ንገሪ፤ ለዚያች አብሮ አደር ግን በጭራሽ! እህትሽ ወሬ የማታሾልክ ከሆነች እሷ ትሻላለች። ሕፃኑን ስታሳቅፍሽም ለጊዜው «እጄ ሥራ ይዟል» ብትይ ነውር የለውም። የማታ ቡናም ቀንሺ፤ ወሎ ላይ ሦስተኛውን ስኒ ማለፍ ከባድ ቢሆንም።

የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በአምስተኛው ቀን አልረዳኝም ብለሽ እንዳታቋርጪው።