የእንግሊዝኛ የንዴት ፈሊጦችን ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ «ላሊበላ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ልጀምር ነው፤ በእንግሊዝኛ ንዴትን የሚገልጹ ፈሊጦች ንገሩኝ፣ እኔ ከአንግሪ ሌላ አላውቅም» ብለሽ ጠይቀሻል። ዝርዝሩን ከየትም ታገኚዋለሽ። እኔ ግን እዚያው ከተማ ስድስት ዓመት ያንኑ ሥራ ስለሠራሁ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ እንግዳ ፈሊጡን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ንዴቱ ካለፈ በኋላ፣ ለሌላ ሰው ሲያወራው ነው። ፊትሽ ቆሞ ሲናደድ፣ በተለይ እንግሊዝ ከሆነ፣ ቃሉ ለስላሳ ነው።

የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ጠና ያሉ አንዲት እንግሊዛዊት ሁለት ቀን ሙቅ ውሃ አጡ። ጠዋት መጥተው ፈገግ እንዳሉ «አይ አም ኧ ቢት ዲሳፖይንትድ» አሉኝ። እኔም ቃሉን እንዳለ ይዤ ለኃላፊው «ትንሽ ቅር ብሏቸዋል» አልኩት። ማንም ወደ ክፍላቸው አልወጣም። ማታ ቡና ተፈልቶ ስኒ ሳቀርብ ለጓደኛቸው «አይ ዋዝ አብሶሉትሊ ሊቪድ» ሲሉ ሰማሁ። ሊቪድ ማለት እርር ድብን ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን፣ ጥንት ትርጉሙ የበለዘ፣ እርሳስ የመሰለ ቀለም ነበር። ስኒውን እንደያዝኩ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለዚህ «ኧ ቢት» ሲሉሽ «በጣም» ብለሽ ስሚው።

ፈሊጦቹን ደግሞ ከምታውቂው ነገር ጋር አያይዣቸው፤ ያኔ አይጠፉሽም። «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል» ድንገት ቱግ ማለት ነው። አባቴ ደላንታ እንጨት ሲፈልጥ ሽብልቁ የላላ ምሳር ከዛቢያው ወልቆ አጠገቤ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ለመሸሽ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። አሜሪካኖቹ ፈሊጡን ያመጡት ከዚያው ከላላው ምሳር ነው።

«ዘ ላስት ስትሮው»ን የባቲ ሰኞ ገበያ ያስረዳሻል። ግመሏ ተንበርክካ ትጫናለች፣ ታጉረመርማለች፣ አሁንም ይጨመርባታል። የግመሏን ወገብ የሰበረችው ያቺ የመጨረሻዋ ጭድ ናት፤ ለብቻዋ ምንም ክብደት የላትም። ብዙ ሰው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ አልስማማም። ያ ችግር በችግር ላይ መደራረቡን ነው የሚናገረው፣ ይሄ ግን ትዕግሥት የሚያልቅባትን ቅጽበት ነው። «አሁንስ በቃኝ!» ይቀርበዋል።

«ሜክስ ማይ ብለድ ቦይል» ያው የእኛው «ደሜን ያፈላዋል» ነው። ከአልጋ በተሳሳተው ጎን ተነሳ የሚሉትም የእኛው «በግራ ጎኑ ተነሳ» ነው። ግን ሁሉም እንዲህ አይገጥምምና ከአማርኛ ቃል በቃል አትመልሺ፤ «ጨጓራዬን ላጠው» ብትያቸው መድኃኒት ያመጡልሻል። «ፒስድ ኦፍ» በጣም መናደድ ነው፤ ግን ለእንግዳ አይባልም፣ ብልግና አለው። «ኦፍ» የሚለውን ከጣልሽው ደግሞ ለአሜሪካኑ ተናደደ ማለት ሲሆን ለእንግሊዙ ሰከረ ማለት ነው። «ማድ»ም እንዲሁ ነው፤ አሜሪካኑ የተናደደ ይለዋል፣ ለእንግሊዙ አብዛኛውን ጊዜ ያበደ ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ «አብሽር»ን ነው። እኛ ወሎዬዎች ሰው ሲቆጣ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስንፈልገው ደግሞ «ካልም ዳውን» ይመጣብናል። በፍጹም እንዳትያት። አብሽር የሚያጽናና ቃል ነው፤ ካልም ዳውን ግን ለተቆጣ እንግዳ «አርፈህ ተቀመጥ» ይመስለዋል፣ ጭራሽ ቁጣውን ያባብሰዋል። በእሱ ፈንታ «አይ አም ሪሊ ሶሪ፣ አይል ሶርት ኢት አውት ናው» (በጣም ይቅርታ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ) በይና ስልኩን አንስተሽ እሱ እየሰማ ጥገና ክፍል ደውዪ።