የመሣሪያ ዘይትና ግራሶ፦ የወሎ ሰዎች ጥያቄና የአንድ ጠጋኝ መልስ

ክረምት ሊገባ ሲል ስለ መሣሪያ ዘይት የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመሣሪያ ጥገና ስለሆነ ጥያቄው አይሰለቸኝም፤ ጠይቁ። ሁለት ነገር ግን ላስቀድም። ፈቃድ የሌለው ሰው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይጠየቃልና መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። ሁለተኛ፣ ከመወልወል በፊት ካዝናው ይነቀል፣ ከዚያ ማቀባበያው ተስቦ የጥይቱ ቤት በዓይንም በጣትም ይታይ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ከመካነ ሰላም፦ ጋሼ፣ አባቴ ምንሽራቸውን በቅቤ ነበር የሚወለውሉት። እኔም በዚያው ብቀጥል ምን አለበት?

አባትህ ዘይት ባልነበረበት ዘመን ባገኙት ተጠቅመዋል፣ ብልሃተኛ ናቸው። ዛሬ ግን ቅቤውን ለወጥ ተወው። ቅቤ ውስጥ ውሃና አሬራ አለ፤ ሲቆይ ይሻግትና አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱ ብረት ይበላል። የኑግ ዘይት ደግሞ ይብሳል። ብረት ላይ በስሱ ሲቀባ ከአየሩ ጋር እየተዋሃደ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ኋላ ቡናማ ልባጥ ይሆናል። የመጥበሻ ጠርዝ ላይ የሚጋገረውን አይተህ የለ? እሱ ነው። መቺው መርፌ እንዲህ በተለበጠ ቤት ውስጥ ሲንቀራፈፍ ጥይቱ ይከሽፋል።

የተልባ ዘይትማ ከኑግም ፈጥኖ ይደርቃል፤ ለብረት አይሆንም። ለእንጨቱ ሰደፍ ግን በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ሸጋ ነው። በስሱ ቀባው፣ በጨርቅ አሸት አሸት አድርገህ ትርፉን ጥረግ፣ ሲደርቅ ድገመው። አንድ አደራ፦ ተልባ የነካውን ጨርቅ ጠቅልለህ ጥግ አትወርውር። በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ደጅ ዘርግተህ አድርቀው።

ከኮምቦልቻ፦ የመሣሪያ ዘይት የሚባለውን ፈልጌ አጣሁ። ምን ልግዛ?

አብሽር። ልብስ ሰፊዎች ለሲንጀራቸው የሚገዙት ጥርት ያለ ቀጭን ዘይት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሃል። እሱ ቶሎ ይደርቅብኛል ካልክ አዲስ የሞተር ኦሊዮ ውሰድ፤ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትም ይሠራል። ሰው ዘይት ሲመርጥ ብዙ ይጨነቃል፣ እኔ ግን በክፉ ዘይት ከተበላሸው ይልቅ በብዛቱ የተበላሸው ነው በእጄ ያለፈው። በመርፌ ሲሪንጅ ጠብታ ጠብታ አድርገህ የሚፋተገው ቦታ ላይ ጣል፦ ተመላላሹ ብረት የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ የሚዞርበትና የሚቆልፍበት ጥርስ፣ የቃታው ማያያዣ። በጣትህ ስትነካው ማራስ እንጂ መፍሰስ የለበትም። የክላሽ የጋዝ ፒስተንና ቱቦ ደግሞ ደረቅ ይሁኑ፤ እዚያ የገባ ዘይት ከጥላሸት ጋር ተጋግሮ ድንጋይ ይሆናል።

ጋራዥ በነፃ የሚሰጡኝ የተቃጠለ ኦሊዮስ?

አይሆንም። ጥላሸት፣ አሲድና የብረት ብናኝ ተሸክሟል፤ ለቆዳህም ጠንቅ ነው። ፍሬን ዘይትም እንዲሁ ይቅርብህ፦ ቀለም ይልጣል፣ እርጥበትም ይስባል።

ከደላንታ፦ እኛ ጋ ውርጭ ነው። ቆቦ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ በሙቀትና በአቧራ ያማርራል። አንድ ዘይት ለሁለታችን ይሆናል?

ዘይቱ አንድ ሊሆን ይችላል፣ አቀባቡ ግን ይለያል። የኦሊዮውን ጣሳ እየው፦ 15ደብልዩ-40 የሚል ከሆነ የፊተኛው ቁጥር በብርድ ያለውን ጠባይ፣ የኋለኛው ሞተር ሲግል ያለውን ውፍረት ይነግርሃል። የፊተኛው ባነሰ ቁጥር በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ስለዚህ ለአንተ 5ደብልዩ-30 ወይም የስፌት መኪናው ዘይት ይሻላል፤ ግራሶ ውርጭ ሲመታው ይደድራልና ከተመላላሹ ብረት አርቀው። ለቆቦው ዘመድህ ጠላቱ ሙቀቱ ሳይሆን አቧራው ነው። እርጥብ ዘይት አሸዋ ይሰበስብና ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ይቀባ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይጥረገው፤ የሚቀረው ስስ ሽፋን ይበቃዋል። ክላሽ ክፍተቱ ሰፋ ተደርጎ ስለተሠራ በጥቂት ዘይት አይቀየምም።

ታዲያ ግራሶ ጭራሽ አያስፈልግም?

ሳይነካ ለብዙ ወራት ለሚቀመጥ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከሚንጠባጠብ ዘይት ይልቅ ብረት ላይ ይቆያል። የሊትየም ግራሶ፣ ቁጥር 2 የሚባለው፣ በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። ከማስቀመጥህ በፊት ውጩንና የአፈሙዙን ውስጥ በስሱ ቀባ። ለመተኮስ ስታወጣው ግን አፈሙዙ ጭራሽ ይጽዳ፤ ግራሶ ሞልቶበት ቢተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፍና ብረቱን ሊያሳብጠው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከወልድያ፦ ተኩሼ በማግሥቱ በዘይት ወልውዬ አስቀመጥሁ። በሳምንቱ ባየው የአፈሙዙ ውስጥ ዝጓል። ዘይቱ አስመስሎ የተሠራ ይሆን?

ዘይቱን አትውቀስ፤ ጥይቱ ነው። የድሮ የሶቪየት ጥይት ብዙው መቀጣጠያው ውስጥ ክሎሬት አለበት። ሲተኮስ የሚተወው ቅሪት የጨው ዓይነት ነው፣ እንደ ገበታ ጨው እርጥበት ይስባል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም፤ ላዩ ላይ ዘይት ስትቀባ ጨውን ከነእርጥበቱ ከስር ከድነህ ተውከው ማለት ነው። ላምባም ናፍጣም ጥላሸቱን እንጂ ጨውን አያነሱም። መድኃኒቱ የፈላ ውሃ ነው። ተመላላሹን ብረትና ፒስተኑን ፍታ፣ በአፈሙዙ ውስጥ ውሃውን አፍስስ፣ የጋዝ ቱቦውንም እጠብ። ብረቱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል፤ ቢሆንም ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ በመወልወያው ዘንግ አመላልስ። ዘይት ከዚያ በኋላ። ይህ በተኮስክበት ቀን ማታ ይደረግ፣ በተለይ በሐምሌ፣ ለነገ አይባልም።

ደብልዩ ዲ 40 የሚባለውን የሚነፋ ፈሳሽ ብቻ ብጠቀምስ?

በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ዓላማው ውሃን ከብረት ማባረር ነበር። ዝናብ የመታውን መሣሪያ ንፋበት፣ ጥሩ ነው። ግን ስስ ነው፣ ብዙ አይቆይም፤ ጥረገውና ሌላ ዘይት ቀባ።

ከሐይቅ፦ ባለቤቴ መሣሪያውን በቆዳ አፎት አድርጎ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ጭሱ ከዝገት ይጠብቀዋል ይላል።

እህቴ፣ ጭሱ ራሱ እርጥበትና አሲድ አለው፤ ከሐይቁ ጤዛ ጋር ሲገናኝ ያዝገዋል። ቆዳም ውሃ ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበት ኬሚካልም ብረት ይነካል። ከአፎቱ አውጡት፣ ዘይት በነካው የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን አኑሩት። ልጆች ካሉ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን።

ጥይቱንስ ዘይት ልቀባው?

በጭራሽ። ዘይት በመቀጣጠያው ጠርዝ ሰርጎ ያከሽፈዋል። በዘይት የራሰ ቀለህ ደግሞ ሲተኮስ የጥይቱን ቤት ግድግዳ ስለማይዝ ጫናው ሁሉ ወደ ኋላ፣ ወደ መቆለፊያው ጥርስ ይሄዳል። በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ አረንጓዴ ዝገት የበላውን ግን ለይተህ ለፖሊስ አስረክብ።